ሐረጎ ላይ ሞተሩን ያጠፋሁ ዕለት

ባለፈው ማክሰኞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ዓይኔን በጨው ታጥቤ አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ዋሸሁ። መቅደስ ትባላለች። ኮምቦልቻ ውስጥ በምመራው የሞተር ሳይክል ቡድን አምስት ተወዳዳሪዎች አሉኝ፤ ቁልቁለት ላይ እሷን የሚያህል የለም። ለእሁዱ ውድድር ከደሴ ወደ ታች ስትለማመድ እኔ እንደ ልማዴ ትልቁ ኩርባ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። በልግ ስለሆነ ጉሙ መንገዱን ውጦታል፤ አስር እርምጃ የራቀ ሰው አይታይም። የሞተሯ ድምፅ ከላይ እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣና ድንገት ጸጥ አለ። ትንሽ ቆይታ መቅደስ ያለ አንዳች ድምፅ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለች፤ ፈገግ ብላለች።

"ሞተር አጥፍተሽ ነው የወረድሽው" አልኳት ስታቆም።

"እንዴት አወቁ ጋሼ?"

"እሁድ አትወዳደሪም። በቃ።"

የራስ ቁሯን አውልቃ አየችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ አንገቷን ግን አልደፋችም። "እርስዎ በፎሌ ወርደው አያውቁም?" አለችኝ።

"በጭራሽ!" አልኩ። ሌሎቹ ልጆችም ሰምተው እንዲያደንቁኝ ይመስል አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አደረ።

ማርሹን ነፃ አድርጎ ቁልቁለት መንሸራተትን ሾፌሮች ፎሌ ይሉታል። የሌላውን አገር አላውቅም፤ ደሴና ኮምቦልቻ መካከል የሚመላለስ ሰው ግን ይህን ሳይማር የቀረ ያለ አይመስለኝም። ደሴ ላይ ብርዱ አቆራምዶህ ትነሳለህ፣ ቁልቁል ትለቀዋለህ፣ ኮምቦልቻ ስትገባ ጃኬትህን ታወልቃለህ። መንገዱ ራሱ እየወሰደህ ቤንዚን ለምን ታቃጥላለህ? እኔም በሃያ ሁለት ዓመቴ የአንድ ፋብሪካ ተላላኪ ሳለሁ የማስበው እንዲሁ ነበር። ኮምቦልቻ ካለው ፋብሪካ ደሴ ፒያሳ ወዳለው ቢሮ ደብዳቤ አደርሳለሁ። ቤንዚን በራሽን ስለነበር ስመለስ ቁልፉን ዘግቼ ነበር የምወርደው። ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ሲያፏጭ፣ የሐረጎ የባሕር ዛፍ ሽታ ቀስ በቀስ በሞቃት አቧራ ሽታ ሲተካ፣ በዓለም ላይ ከእኔ የሚሻል ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ወጣትነት እንደዚያ ነው፤ ለዚያውም ሞተር ሲጨመርበት።

ጋሽ ይመርን ያወቅኳቸው በዚያው ፋብሪካ ነው። ያኔ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች የስፖርት ቡድን ነበራቸውና የእኛን የሞተር ቡድን የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። በጉብዝናቸው ዘመን ራሳቸውም ተወዳዳሪ ነበሩ፤ አንድ ጊዜ ክፉኛ ወድቀው ቀኝ እግራቸው ካጠረ በኋላ ነው መሪ የሆኑት። እያነከሱ ሲመጡ ከሩቅ እናውቃቸዋለን። ውድድር በደረሰ ቁጥር በሶውን በማር የሚበጠብጡት በገዛ እጃቸው ነው፤ ሚስታቸውን እንኳን አያምኑም። በውድድር ጊዜ የሌላው ቡድን መሪ ሁሉ መጨረሻው መስመር ላይ ወንበር ይዞ ሲቀመጥ እሳቸው ሐረጎ ወጥተው ትልቁ ኩርባ ላይ ይቆማሉ፤ ዓይናቸውንም ይጨፍናሉ።

"እኔ በጆሮዬ ነው የማይህ" ይሉኝ ነበር። "መቼ ማርሽ እንደቀነስክ፣ መቼ እንደፈራህ፣ መቼ እንደጠገብክ ሞተሩ ይነግረኛል። ታዲያ አደራ፣ ቁልቁለቱን በማርሽ ውረድ። ድምፅህን እንዳታሳጣኝ።"

እሺ እላቸዋለሁ። ደብዳቤ ይዤ ስመላለስ ግን ያው በፎሌ ነበር።

የዚያ ዓመት ውድድር ከደሴ ፒያሳ ተነስቶ ኮምቦልቻ ደርሶ መመለስ ነበር። ተራ በተራ፣ በሰዓት እየተለካን ነው የምንለቀቀው። ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ቡድን መልማይ ልኮ ስለነበር አንደኛና ሁለተኛ የወጣ እንደሚወሰድ ሁላችንም ሰምተናል። ለእኔ ያ ማለት ከደብዳቤ መላላክ ወጥቶ ሞተር ነድቶ ማደር ነበር። ከዚያ በፊት ያን ያህል የፈለግኩት ነገር አልነበረም፤ ከዚያም በኋላ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

በውድድሩ ዋዜማ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሞተራችን አሮጌ ነበር፤ መልሱ ዳገት ላይ ይግልና ይደክማል። ቁልቁለቱን አጥፍቼው ብወርድ ቀዝቅዞና አርፎ ዳገቱን ይበላዋል ብዬ አሰብኩ። ደንቡ ክልክል ነው ይላል፤ ሞተር አጥፍቶ የተገኘ ከነጭራሹ ይታገዳል። ግን በዚያ ጉም ውስጥ ማን ያየኛል? ዳኞቹ ያሉት ላይና ታች ነው። መሐል ላይ የሚያይ ሰው እንደሌለ እርግጠኛ ነበርኩ፤ የሚሰማ ሰው መኖሩን ግን ዘነጋሁት።

ጠዋት በሶዬን ጠጥቼ ተነሳሁ። ካፊያው ፊቴን እንደ መርፌ ይወጋኛል። ከከተማው እንደወጣሁ ሙሉ ድምፅ ለቅቄው ወደ ሐረጎ ከገባሁ በኋላ ማርሹን ነፃ አደረግኩና ቁልፉን ዘጋሁት። ዓለም ጸጥ አለ። የጎማው ሽውታ ብቻ ነበር የሚሰማኝ።

ከኩርባው በታች ጋሽ ይመር ድምፄን እየተከተሉ ነበር። እንደምገምተው መጀመሪያ ማርሽ ስቀይር ሰሙ፣ ቀጥሎ ነዳጅ ስሰጥ ሰሙ። ከዚያ ምንም። አንድ ትንፋሽ ያህል ጠበቁ፤ ምንም። ገደል ገባ አሉ በልባቸው። ያን አጭር እግራቸውን እየጎተቱ፣ ስሜን እየጠሩ፣ ገደሉን ለማየት መንገዱን ማቋረጥ ጀመሩ። እኔን ሲፈልጉኝ ነው የደረስኩባቸው።

ከጉሙ ውስጥ ካፖርታቸው ብቻ ነበር የታየኝ። ፍሬኑን በእግሬም በእጄም ያዝኩት። የሞተሩ መሪ ክንዳቸውን መትቷቸው ወደቁ፤ እኔም ከነሞተሩ ተንሸራትቼ የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ገባሁ። ከጉልበቴ መላላጥ በቀር ምንም አልሆንኩም። እሳቸው ግራ ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው እየተንፏቀቁ መጡ።

"አለህ? ሰይድ፣ አለህ?"

"አለሁ ጋሽ ይመር።"

"አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!" እያሉ በደህና እጃቸው ራሴን፣ አንገቴን፣ ትከሻዬን ዳበሱኝ። ከዚያ ዞር ብለው ወደ ወደቀው ሞተር ሄዱ። የኋላ ጎማውን ገፋ ሲያደርጉት ያለ ምንም መያዝ ተሽከረከረ። ቁልፉን አዩ። እኔን አዩኝ። እንዲጮሁብኝ፣ በጥፊ እንዲሉኝ ጠበቅኩ። የዳኞች መኪና ከታች እየመጣ ነበር። ጋሽ ይመር ቁልፉን ከፈቱት፤ በእግራቸውም የማርሹን ፔዳል ተጭነው ማርሽ ውስጥ አስገቡት።

ዳኞቹ ደርሰው ምን ሆነ ሲሉ፣ "መንገድ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ፤ ልጁ ምንም ጥፋት የለበትም" አሉ።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አፌን ብከፍተው ይበቃ ነበር። አልከፈትኩትም።

የተሰናከልኩት በሌላ ሰው ጥፋት ነው ተብሎ በማግስቱ ብቻዬን እንድሮጥ ተፈቀደልኝ። ያን ቀን ሙሉውን ቁልቁለት በማርሽ ወረድኩ፤ ሁለተኛም ወጣሁ። የሚገርመው፣ ፎሌውም አያስፈልገኝም ነበር ማለት ነው። በሳምንቱ አዲስ አበባ ገባሁ። ጋሽ ይመር ግን ተወዳዳሪ ባለበት መንገድ ውስጥ ገብተዋል ተብለው ከቡድን መሪነት ተነሱ፤ ፋብሪካውም መጋዘን መደባቸው። የተሰበረው ክንዳቸው ተጠገነ። ከዚያ ወዲህ ሐረጎ ላይ አልቆሙም።

እኔ አስራ ሁለት ዓመት ተወዳደርኩ፤ ናይሮቢ ድረስ ሄጃለሁ። ዋንጫዎቹ ሳሎን ውስጥ አሉ፤ ባለቤቴ አቧራቸውን መጥረግ ሰልችቷታል። ወገቤ እምቢ ሲለኝ መሪ ሆንኩና ወደ አገሬ ተመለስኩ። በየዒዱ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለው የጋሽ ይመር ቤት ስኳርና ጋቢ ይዤ እሄዳለሁ። ስለ ሞተር እናወራለን፣ ስለ ልጆቻችን እናወራለን። ስለዚያች ኩርባ ግን አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላነሳንም። እሳቸው ያላነሱት ለእኔ አዝነው ነው፤ እኔ ያላነሳሁት ፈርቼ ነው።

መቅደስን በዋሸሁ ማግስት፣ ረቡዕ፣ ዒድ ባይሆንም በጠዋት ሄድኩ። ልጃቸው ከድጃ በር ከፈተችልኝ። ጋሽ ይመር ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ቀስ ብዬ፣ "ጋሽ ይመር፣ የዚያን ቀን ነገር..." አልኩ።

"ምን አልክ?"

ለካ ረስቼዋለሁ። ጋሽ ይመር ጆሯቸው ከከዳቸው ሰነበተ፤ አጥር እስኪሰማ ካልጮሁላቸው አይሰሙም። ከድጃ በር ላይ ቆማለች። ጎረቤት አንድ ሰውዬ ቆርቆሮ እየመታ ነው። ሌላ ቀን እመጣለሁ ብዬ ልነሳ ቃጣኝ፤ እውነቴን ነው። ግን እጃቸው ጉልበቴ ላይ ነበር።

"ያን ቀን ሞተሩን አጥፍቼ ነበር!" ብዬ ጮህኩ።

"እህ?"

"ሐረጎ ላይ! ሞተሩን አጥፍቼ በፎሌ ነው የወረድኩት! ጥፋቱ የእኔ ነበር! እርስዎ ሲቀጡ ዝም አልኩ! አውፍ ይበሉኝ!"

ቆርቆሮ የሚመታው ሰውዬ አቆመ። ከድጃ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። ጋሽ ይመር ቀስ ብለው አንገታቸውን ነቀነቁ።

"አሁን ሰማሁህ" አሉ። ቀጥለውም፣ "እኔስ አውፍ ያልኩህ ያኔውኑ ነው። ግን ስንት ዓመት ሙሉ ከዚያ ጉም ውስጥ አልወጣህልኝም።"

አለቀስኩ፤ በስድሳ ሦስት ዓመቴ፣ የሰው ግቢ ውስጥ። እሳቸውም አብሽር እያሉ በዚያው በተሰበረው ክንዳቸው ጀርባዬን ይመቱኛል።

ሐሙስ ጠዋት መቅደስንና አራቱን ልጆች ትልቁ ኩርባ ላይ ሰብስቤ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማክሰኞ ዕለት መዋሸቴንም ጭምር። የመቅደስን ቅጣት ግን አልሻርኩም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ ሌላ ነው፤ "እሁድ ከእርስዎ ጋር እዚህ ልቁም?" አለች።

እሁድ ሦስት ሆነን ቆምን፤ እኔ፣ መቅደስና ካፖርታቸውን የለበሱ ጋሽ ይመር። ጉሙ እንደዚያን ቀኑ ነበር። ከላይ የመጀመሪያው ሞተር ሲመጣ ጋሽ ይመር እንደ ድሮው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ግን አይሰሙም። መቅደስ ቀና ብላ አየቻቸውና እጃቸውን ያዘች። ማርሽ ሲቀየር በሰማች ቁጥር እጃቸውን ጠበቅ ታደርግላቸዋለች።