ከዝናብ ያዳናት

ሰፈሩ የልብስ ሰፊዋን ባል «ሻምፒዮን» የሚለው ለሹፈት ነው። እሱ ግን ደረቱን ነፍቶ «አቤት» ይላል። ዕድሜውን በመድን ድርጅት ጸሐፊነት የፈጀ፣ በመንገድ ላይ ከብስክሌት በቀር ምንም ቀድሞ የማያውቅ ሰው ነው፤ ያውም ብስክሌቱ ቆሞ ነበር።

ኩራቱ ጣሪያ የሌላት፣ ቀይ፣ የድሮ የእሽቅድምድም መኪና ናት። መጀመሪያ የገዛት ባለዳቦ ቤት በዳገት ውድድር ሁለተኛ ወጥቶባታል። ቀጥሎ የያዛት ሐኪም ሁለቴ አሸነፈባት፤ በሦስተኛው ገደል አፋፍ ላይ ሰቅሏት ወረደና ዳግመኛ አልነካትም። ውድድር የጨረሰ ባለቤት ከመሪው አጠገብ ባለችው የናስ ሰሌዳ ላይ ስሙን ይቀርጻል። ከሁለቱ ስም በታች ግን ሻምፒዮን ከገዛት ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባዶ ነው።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደግሞ መኪናዋ የቤቱን ብርሃናማ ክፍል ይዛ ተኝታለች። ልብስ ሰፊ የሆነችው ሚስቱ ጨለማ ኮሪደር ላይ ተጎልታ፣ የመርፌ ቀዳዳ ስትፈልግ ዓይኗ ደከመ።

«ስሜ ይቀረጽ እንጂ በማግስቱ እሸጣታለሁ፤ ክፍሉም ያንቺ ነው» ይላታል።

በመጨረሻ የድሮ መኪናዎች ውድድር ተዘጋጀ። ሻምፒዮን የቆዳ ቆቡን ደፍቶ ተነሣ። ሚስቱ መጨረሻው መስመር ላይ ቆማ ጠበቀች። አንዱ ገባ፣ ሌላው ገባ፤ እያነከሰች የምትሄድ አሮጌ መኪና ሳትቀር ገባች። እሱ የለም። አዘጋጆቹ ገመዳቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ሞተ ይሆን ብላ መንገዱን ይዛ ወጣች።

ከመታጠፊያው ወዲያ አገኘችው። ሲያካፋ ጊዜ ቀለሟ እንዳይበላሽ መኪናዋን ዛፍ ሥር አቁሞ ሸራ አልብሷታል፤ ነፋስ እንዳይገልጣት ጫፉን በሁለት እጁ ጨምድዶ፣ ራሱ ውሃ ውስጥ የገባ አይጥ መስሏል።

«ለቀለሟ ብዬ ነው» አላት።

«አንተ ሰውዬ! ምጥ ይዞኝ ‹ዝናብ ነው፣ መኪናዋ አትወጣም› ብለህ በዚያ ዶፍ በእግሬ ስትነዳኝ፣ ይሄ ሸራ የት ነበር?»

እሱ የሸራውን ጫፍ ይበልጥ ጨመደደ። ሲያባራ መኪናዋን ይዘው ቤት ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት በመቀሷ ጫፍ ከሐኪሙ ስም በታች የባሏን ስም ጫረች፤ አጠገቡም «ከዝናብ ያዳናት» ብላ ጨመረች።

«በል፣ ስምህ ተቀርጿል። ክፍሌን ልቀቅ!»

እሱ ጽሑፉን በጣቱ ዳሰሰና ፊቱ በራ። «እንግዲህ እንዴት እሸጣታለሁ? ስሜ አለባት እኮ!»

ሚስቱ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች፤ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀችው። ደጁ ቁልቁል ነውና መኪናዋ ዕድሜ ልኳን በእሱ እጅ ሄዳ በማታውቀው ፍጥነት ከግቢ ወጣች። ውጭ ያካፋል። ሻምፒዮን ሸራውን አፈፍ አድርጎ ተከተላት።

ሚስቱ የስፌት ማሽኗን ከኮሪደሩ ጎትታ በክፍሉ መስኮት ሥር አቆመችው። ባሏ ዝናቡ ውስጥ መኪናዋ ላይ ሸራውን ወጥሮ ቆሞ ይታያታል። ክሩን አነሣች፤ በአንዴ መርፌው ውስጥ ገባ።