የላብራቶሪው ዓሣዎችና ያልጠራናቸው ትሎች

መሐል ሜዳ ከተማ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን የተረከብኩት አንድ ቁልፍ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ግማሽ ሣጥን ስላይድና ብዙ አቧራ ነው። አቧራውን ጠርጌ እንደጨረስኩ ያገኘሁትን ሁሉ ማይክሮስኮፑ ሥር እያስገባሁ ማየት ጀመርኩ፤ የራሴን ፀጉር፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የዝንብ ክንፍ። ያ ልማድ ጡረታ እስክወጣ አልለቀቀኝም።

ዓሣዎቹ የመጡት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አንድ የባዮሎጂ መምህር ስድስት ቀያይ ዓሣዎች በጀሪካን ይዞ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ፤ በመስተዋት ገንዳ አድርጎ ለእኔ አስረከበኝና ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። እኔም ገንዳው ባዶ መስሎ ስለታየኝ ከወንዝ ዳር የውሃ ሣር ነቅዬ ተከልኩበት።

ከሁላችንም አብልጠው የወደዷቸው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሼ አየለ ናቸው። ጠዋት በሩን ሲከፍቱልኝ ከእኔ በፊት ገብተው “እንዴት አደራችሁ?” ይሏቸዋል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንዱ ዓሣ ሞቶ አገኘነው። የተረፉት አምስቱ ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። መስተዋቱን ደግሞ ከጥፍር የሚያንሱ ግራጫ ትሎች ወረውታል። ዳይሬክተራችን አቶ ግርማ አይተው ፊታቸውን አጨፈገጉ።

“ሰኞ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ። ውሃውን ድፊና ገንዳውን በበረኪና እጠቢው” አሉኝ።

“ዓሣዎቹስ?”

“ዓሣዎቹንማ ትሉ እየጨረሳቸው ነው፤ አታዪም እንዴ?”

“እስከ ዓርብ ይታገሡኝ።”

“እስከ ዓርብ። ከዚያ ወዲያ በረኪናው ነው።”

አንዱን ትል በጠብታ ውሃ ስላይድ ላይ አድርጌ አየሁት። ጠፍጣፋ ነው፤ ራሱ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ሁለት ዓይን አለው፣ ያውም ሸውራራ። ብቻዬን ሳቅሁ። በምላጭ ለሁለት ብከፍለው ሁለቱም ወገን የየራሱን መንገድ ይዞ ሄደ። መጽሐፉ ፕላናሪያ ይለዋል፤ ግማሹ የጎደለውን አብቅሎ ሙሉ ይሆናል፣ የሚበላውም የሞተና የበሰበሰ ነው ይላል። እንዲህ ያለ ጥበብ ያችን በምታህል ገላ! በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ የተደነቅሁበት ቀን የለም።

የሞተውን ዓሣ መተንፈሻ ስንጥብ ከፍቼ ፈተሽኩ፤ አንድም ትል የለበትም። ታዲያ ምን ገደለው?

ቀጭን ጎማ ወደ ገንዳው ሥር አስገብቼ በአፌ ሳብኩና ባልዲ ውስጥ ለቀቅሁት። ከጠጠሩ መሐል የወጣው የኮመጠጠ፣ ሙክክ ያለ ነገር ነው።

“ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?”

ጎንበስ ብለው አሸተቱት። “በሶ ነው” አሉ።

“ማን ጨመረው?”

“እኔ ነኛ፣ ልጄ። ጠዋት አንድ ቁንጥር፣ ማታ አንድ ቁንጥር። ሰሞኑን ደግሞ አፋቸውን ከፍተው ሽቅብ ሲያዩኝ አንጀቴን በሉት፤ ጨመር አደረግሁላቸው። የገባው ሁሉ ይሰጣቸዋል። ቤትሽ ያለን እንግዳ ጦም ታሳድሪያለሽ?”

“አፋቸውን የሚከፍቱት ርቧቸው አይደለም፣ ጋሼ። አየር አጥሯቸው ነው። በሶው ሲበሰብስ የውሃውን አየር ይጨርሰዋል። ትሎቹም የመጡት ከእኔ ሣር ጋር ነው፤ የበዙት ግን በበሶው ነው።”

“እንግዲያ የሞተውን የገደልኩት እኔ ነኝ በይኛ” አሉ።

አዘንኩላቸው። “ገንዳውን የተረከብኩት እኔ ነኝ፤ ሥሩን አንድ ቀን አላየሁም” አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ዓሣዎቹን ጾም አስገባናቸው። ጋሼ አየለ የቧንቧ ውሃ በባልዲ ቀድተው ክሎሪኑ እንዲወጣለት ያሳድራሉ፤ እኔ በማግስቱ ሥሩን በጎማ እስባለሁ፣ በጎደለው ልክ ያደረውን ውሃ እሞላለሁ። ጋሼ በሩ ላይም ቆመው በሶ ይዞ የመጣውን ሁሉ መለሱ። ሐሙስ ጠዋት አምስቱም ከአናት ወርደው በሣሩ መሐል ሲዋኙ አገኘናቸው። ጋሼ አየለ ኮፍያቸውን አውልቀው አማተቡ።

ዓርብ አቶ ግርማ መጡና ገንዳውን ዞረው አዩት።

“ትሉ የት ገባ?”

“ብዙው በጎማው ወጥቷል። ጥቂት አሉ።”

“ጥቂቶቹንስ?”

“ይኑሩ። እንደገና ከበዙ ሥሩ እንደቆሸሸ ይነግሩናል።”

ትንሽ አሰቡና “በረኪናውን ወደ ሽንት ቤት ውሰዱት” ብለው ወጡ።

ሰኞ እንግዶቹ መጡ። አንዱ ኃላፊ ዓሣዎቹን ሲያይ ደስ ብሎት ከኪሱ ብስኩት አወጣና ሊፈረፍር እጁን ገንዳው ላይ ዘረጋ። ጋሼ አየለ ለኃላፊ ቀና ብለው የማይናገሩ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ግን የሰውዬውን ክንድ ግጥም አድርገው ያዙ።

“ጌታዬ፣ ይተዉአቸው፤ በቅቷቸዋል” አሉ።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ ውሃችሁ ውስጥ ያልጠበቃችሁት ፍጥረት ሲበዛ ከመግደላችሁ በፊት ማን እንደሚመግበው እዩ።