የታጠፈ አንሶላ

ምጽዋ ያረፍኩበት የእንግዳ ማረፊያ እንደተወራለት ነው። ግድግዳው ከባሕር ድንጋይ፣ ሰገነቱ ከተቀረጸ እንጨት የተሠራ የጥንት ቤት ነው፤ መስኮቱን ስከፍተው ባሕሩ ከሥሬ ነው። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጠዋት አስተናጋጇ የታጠፈ አንሶላ ታቅፋ እስክትገባ ድረስ። የአንሶላው የናፍታሊን ሽታ ቀድሟት ገባ። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ብድግ አልኩ።

ያሳደገችኝ አክስቴ ሚዛን ተፈሪ ከተማ ውስጥ አልቤርጎ ነበራት። ቡና ሲቀላ ነጋዴው ከየአገሩ ይጎርፋል፤ ክፍሎቹ ሲሞሉ ደግሞ የእኔ አልጋ ይለቀቃል። አስቀድማ አትነግረኝም። ለእንግዳ የምታነጥፈው አንሶላ ከሳጥን ሲወጣ ከናፍታሊን ሽታው አውቃለሁ።

«ዛሬም እኔ ነኝ የምነሣው?» አልኳት አንድ ቀን፣ ትኩሳት ይዞኝ።

«ታዲያ እንግዳውን ደጅ ላሳድረው? ተነሺ እንጂ የኔ ልዕልት! የምንበላው እኮ ከዚህ አልጋ ነው።»

ከቡናው መጋዘን ጆንያ ላይ ተኛሁ። እየተንቀጠቀጥኩ፣ ከግድግዳው ማዶ ሰውየው አልጋዬ ላይ ሲያንኮራፋ እሰማ ነበር።

ዛሬም ሚዛን ስሄድ «የአክስትሽ ቤት እኮ እንግዳ መልሶ አያውቅም» ይሉኛል። እንግዶቹ በማን አልጋ ላይ እንደተኙ የጠየቀኝ ግን የለም።

«አደይ፣ እናቴ፣ ወዴት ነው?» አለችኝ የምጽዋዋ አስተናጋጅ ቦርሳዬን አይታ ደንግጣ። «ክፍሉ የእርስዎ ነው፤ አንሶላ ልቀይርልዎ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

አንጥፋ ወጣች። ባሕሩ በመስኮቱ ይታያል። እኔ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ እንጂ ልብሴን ከቦርሳው አላወጣሁም።