ጫፉ ያልገጠመው ነጠላ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ቤታችን የሚነገረው ጋሞኛ ነው፤ አማርኛን የለመድኩት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ውስጥ ነው። ሰው ፊት መናገር ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሆንልኝም። ቸርች ውስጥ እንኳ ጸልዪ ስባል ድምፄ የሚሰማው ከጎኔ ላለችው ሴት ብቻ ነው። አንድ ቀን ግን ተናገሪ ተብዬ ካሜራ ፊት ቆሜ ነበር። ያን ቀን ያልወጣልኝን ነው አሁን የምጽፈው። የምጽፍበት ስልክ የወንድሜ ነበር፤ እንዴት ወደ እኔ እንደመጣ እደርስበታለሁ።

ወንድሜ ሸማኔ ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ ከደጋው መንደራችን ከኦቾሎ አብረን ወደ አርባ ምንጭ ወረድን። የተከራየነው ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹን የእሱ መሸመኛ ይዞታል። እሱ እግሩን ከመሸመኛው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ይሸምናል፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ማጉን፣ አግድም የሚገባውን ክር፣ በሸምበቆ ቀሰም ላይ አጠነጥንለታለሁ። ቀሰሙ ሲያልቅበት አይጠራኝም። ዓይኑን ከክሩ ሳያነሳ እጁን ወደ ጎን ይዘረጋል፣ እኔም አዲሱን መዳፉ ላይ አኖራለሁ። ስንጣላ እንኳ ይህ አይቀርም።

ሲቀላ አስፋልቱ ዳር ካለው፣ በኳስ ውጤት ከሚወራረዱበት ቤቲንግ ቤት የጽዳት ሥራ ያገኘልኝ እሱ ነው። ቤቱን ያውቀዋል፤ የእንግሊዝ ኳስ ሲኖር ከጓደኞቹ ጋር እዚያ ትኬት ይቆርጥ ነበር። የእኔ ሥራ ወንበር መደርደር፣ ወለል ማጠብና የተቀደደ ትኬት መጥረግ ነው። ጨዋታ ሲያልቅ ወለሉ ነጭ ይሆናል፤ ጥጥ ሲፈለቀቅ የዋለበት ቤት ይመስላል።

እኔ ሥራ ከገባሁ ወዲህ ወንድሜ እዚያ መምጣት አቆመ። እህቱ በምትጠርገው ወለል ላይ ትኬት መጣል አሳፍሮት ተወው ብዬ ደስ አለኝ።

እንዳልተወው ያወቅሁት በነጠላ ነው። ሴቻ ሰፈር ያለች አንዲት እናት ልጇን ልትድር ነጠላ አዘዘችው። የነጠላ ጥለት በሁለቱም ጫፍ ነው፤ አንዱ ጫፍ የሌላው መንትያ መሆን አለበት። ወንድሜ ሲሠራ ወደኋላ ገልጦ አያይም፣ ጣቱ ያስታውስለታል። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ላጥፈው ጫፍና ጫፉን ሳገናኝ አልገጠመም። በአንዱ ጫፍ ቢጫው ከአረንጓዴው ይቀድማል፣ በሌላው አረንጓዴው ቀድሟል፤ አንድ ቀጭን ቀይ መስመርም ጠፍቷል። በእኛ አገር ለማጅ እንኳ ይህን አይሳሳትም።

“ይሄን አየኸው?” አልኩት።

ተቀብሎኝ ብዙ አየው።

“የመጀመሪያውን ጫፍ ስሠራ ኳሱ አልተጀመረም ነበር” አለኝ። “ሁለተኛውን ስሠራ ተበልቻለሁ።”

ከዚያ ከጭኑ ሥር ስልኩን አውጥቶ የሚወራረድበትን አሳየኝ። እኔ እዚያ ወለል ሳጥብ፣ ለካ ቤቲንግ ቤቱ ተከትሎት ቤታችን ገብቷል።

ለሙሽራዋ ሌላ ሠራላት። ያልገጠመውን ፈትቼ ክሩን ልጠቀምበት ቢለኝ አልሰጠሁትም። አንዱን ጫፍ ወደ ውስጥ አድርጌ ስለብሰው ማንም አያውቅም።

ከዚያ የሕጉ ወሬ መጣ። በስልክም ሆነ በሱቅ የስፖርት ውርርድ ይከልከል የሚል ረቂቅ ሕግ ተዘጋጅቷል ተባለ። ዜናውን የሰማሁት እዚያው ቤቲንግ ቤት፣ ኳስ በሚታይበት ቴሌቪዥን ላይ ነው። ከዚያ ሁልጊዜ በር ላይ የሚቀመጥ አንድ ባለባጃጅ፣

“ይጸድቃል አይጸድቅም፣ ማን ይወራረደኛል?” አለ።

“ኦዱ ስንት ነው፣ በአንድ ብር ስንት ትከፍላለህ?” አለው ሌላው፣ ሁሉም ሳቁ።

“ሳቁ፣ ሳቁ” አለች ትኬት የምትቆርጠው ካሸር ከመስኮቷ ውስጥ። “ነገ ሙዝ ስሸጥ ደግሞ ትገዙልኛላችሁ።”

“አንቺ ከሸጥሽው ልጣጩንም እንበላለን” አላት ባለባጃጁ።

የድርጅቶቹ ባለቤቶች ሲናገሩም በዚያው ቴሌቪዥን አየናቸው። ብዙ ወጣት ሥራ ያጣል፣ ግብር እንከፍላለን፣ ቢከለከል ሰው በድብቅ መጫወቱን አይተውም፣ ከመከልከል መቆጣጠር ይሻላል አሉ። ውሸት አልመሰለኝም። ሥራ ከሚያጡት አንዷ እኔ ነኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የቤቱ ኃላፊ ጠራኝ። ከሐዋሳ የመጣ ትሑት ልጅ ነው፤ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ሠራተኞች በቪዲዮ ይናገሩ የሚል ትእዛዝ ከዋናው መሥሪያ ቤት መጥቶለታል።

“ከሁላችን አንቺ ትሻያለሽ” አለኝ። “ካሸሯ ብትናገር አፈ ጮሌ ናት ይላሉ። አንቺን ግን ያምኑሻል። ‘በዚህ ሥራ ነው ቤተሰቤን የምረዳው፣ እባካችሁ አትዝጉብን’ በይ። ሌላ አያስፈልግም።”

እሺ አልኩት። ለሰው እምቢ ማለት አልችልበትም።

ቤት ገብቼ ለወንድሜ ነገርኩት። ሥራውን አላቆመም።

“ቢዘጋ ለእኔ ይሻለኛል” አለ። “እኔ ልዘጋው ብዬ አቃተኝ። ጠዋት ከስልኩ አጠፋዋለሁ፣ ማታ መልሼ አወርደዋለሁ።”

“እንግዲያው አልናገርም እላቸዋለሁ።”

“አንቺ ደግሞ! ለእኔ ብለሽ እንጀራሽን ልትዘጊ?”

“አንተስ ለእኔ ብለህ እንዳይዘጋ ልትል?”

“ተናገሪ” አለኝ። “ያሉሽን ተናገሪ። እኔ እንደምሆን እሆናለሁ።” እጁን ዘረጋ፣ ቀሰሙን አኖርኩለት።

የቀረጻው ቀን ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ፤ ከእሱ የተሻለ የለኝም። ኃላፊው ከካሸሯ መስኮት ፊት አቆመኝ። እሷ ላሳምርሽ ብላ ወጥታ ነጠላዬን አስተካከለች፣ ሁለቱንም ጫፍ ወደ ፊት ለቀቀችው።

“ይሄ አይገጥምም እኮ” አለች። “ሸማኔው ሰክሮ ነበር እንዴ?”

“ወንድሜ ነው የሠራው” አልኩ።

“ውይ፣ በሞትኩት” አለችና ትከሻዬን ዳበስ አድርጋኝ ሄደች። ጫፎቹ ግን ደረቴ ላይ እንዳሉ ቀሩ።

ኃላፊው ስልኩን ወደ እኔ አነሳ። “ጀምሪ፣ እህቴ።”

“በዚህ ሥራ ነው ቤተሰቤን የምረዳው” አልኩ። ይህ እውነት ነው። ቀጥሎ አትዝጉብን ማለት ነበረብኝ፤ አልወጣ አለኝ። አባቴ ዱቡሻ ላይ፣ ሽማግሌዎች ለፍርድ በሚሰበሰቡበት ሜዳ፣ እርጥብ ሣር ይዞ ሲቆም ትዝ አለኝ። እዚያ ቆሞ የሚናገር ሰው የነገሩን ግማሽ ደብቆ ግማሹን አያወራም። ጎሜ ነው ይባላል፤ መዓቱ ተከትሎት ቤቱ ይገባል። ቤቲንግ ቤት ዱቡሻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም የነገሩ ሌላ ግማሽ ደረቴ ላይ ተንጠልጥሎ እያየሁት ነበር። እሱን ልናገር ብል ደግሞ ወንድሜን አደባባይ ማውጣት ነው። እሱን አላደርገውም።

“ቢዘጋ…” አልኩ። ሁሉም ያዩኛል። “ቢዘጋ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ።”

“ይቺን የላካት ምክር ቤቱ ነው” አለ ባለባጃጁ፣ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ኃላፊው ስልኩን አወረደ። ያባርረኛል ብዬ መሬት መሬት አየሁ።

“ግድ የለም” አለኝ። “ይሄ አይላክም። ነገ ግን እንደ ሁልጊዜው በጊዜ ነይ።”

በእኔ ቦታ ካሸሯ ቆመች። አሳምራ ተናገረች፣ መጨረሻ ላይ ግን ድምፅዋ ተሰበረ። ብቻዋን የምታሳድጋት ልጅ እንዳለቻት የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ያቺ አፏ የማያርፍ ሴት ስታለቅስ ማንም አልቀለደም። እኔም ሕጉን ስመኝ እሷን አስቤያት እንደማላውቅ ተሰማኝ፤ እስካሁንም ዜናው በመጣ ቁጥር ወንድሜንና እሷን አብሬ ነው የማስበው።

“ተናገርሽ?” አለኝ ወንድሜ ስገባ።

“ግማሹን” አልኩት፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሸማኔው ሰክሮ ነበር ወይ የተባለውን ለማሳቅ ብዬ ጨመርኩበት። አልሳቀም።

“እውነቷን ነው” አለ።

ከጭኑ ሥር ስልኩን አውጥቶ ያንቺን ስጪኝ አለኝ። የእኔ ከመደወል ሌላ የማትችል ባለቁልፍ ትንሽ ስልክ ናት። ሲም ካርዱን ቀያየረና ትልቁን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠው። አልማለም፣ ቃል ግባልኝም አላልኩትም።

ሕጉ ይጽደቅ አይጽደቅ እስካሁን አናውቅም። ቤቲንግ ቤቱ ክፍት ነው፣ እኔም እጠርጋለሁ። አንድ የዕረፍቴ ቅዳሜ ወንድሜ “ስልኩን አንዴ አምጪው” አለኝ። ፊቱን ሳየው ለምን እንደሆነ ገባኝ። ይዤው ወጣሁና ኳሱ እስኪያልቅ የጎረቤት ማንጎ ሥር ተቀመጥኩ። ስመለስ ይቆጣኛል ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ።

“ቀሰም አልቆብኝ እጄን ዘርግቼ ቀረሁ እኮ” አለኝ።

ትናንት ከሰዓት አዲስ ነጠላ ጨርሶ ከመሸመኛው ቆረጠ። እኔ ደጅ ልብስ አጥብ ነበር፣ ጠራኝ። እግሩን ከጉድጓዱ አላወጣም። ሁለቱን ጫፍ ጎን ለጎን ይዟል፤ ዓይኑ ግን ጥለቱ ላይ ሳይሆን እኔ ላይ ነው። እጄ እርጥብ ስለነበር በቀሚሴ ጠረግሁ።

“ነይ” አለኝ፣ “እኔ ፈርቻለሁ። አንቺ እዪልኝ።”