የሽቦ አልጋዬና የጡሜ እንቅልፍ

መጀመሪያ ያየሁት ምልክት መቀመጥ ነበር። ባለቤቴ ጡሜ የእርግዝናዋን ስድስተኛ ወር እንደያዘች ተኝታ መቆየት አቃታት። ጋደም ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ ትነሣና ግድግዳውን ተደግፋ ትቀመጣለች። ምን ሆንሽ ስላት ትንፋሽ አጠረኝ ትላለች። ቃር ደረቷን ያቃጥላታል። ባቷን ጨምድዶ ሲይዛት ጥርሷን ነክሳ እስኪለቃት ትጠብቃለች። ሽንት በየሰዓቱ ያስነሣታል። ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ፣ ወተት እያፈላች ቁማ ታንጎላጃለች። እኔ ከጎኗ እያንኮራፋሁ አድሬ ስነሣ፣ "እንቅልፍ የሚያጣው ቀን ሥራ ያልሠራ ሰው ነው" እላት ነበር። ከብት ያለበች፣ ውሃ የቀዳች፣ እንጨት የፈለጠች እሷ፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የዋልኩ።

ይህን የምጽፈው ሚስቱ አርግዛ እንቅልፍ ላጣችበት ባልና ለራሷ ለነፍሰ ጡሯ ነው። ጀግንነት የሚፈልግ ሌላ ጽሑፍ ያንብብ። በዚህኛው ውስጥ ግማሹ በሽታ እኔ ነኝ።

ያኔ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ነገሌ ቦረና ጦር ሠፈር ውስጥ የግምጃ ቤት ሐምሳ አለቃ ነበርኩ። ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ ኮዳና አካፋ እጠብቃለሁ። ጠላት ፊት ቆሜ አላውቅም፤ የተዋጋሁት ከብል ጋር ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ አሸንፎኛል። ጡሜ ግን የሊበን ከብት አርቢዎች ልጅ ናት፤ በአሥር ዓመት አንሳኝ በአእምሮ ሃያ ዓመት የምትበልጠኝ። ከዚያ እርግዝና በፊት አንድ ፅንስ በአምስተኛ ወሩ ወርዶብን ነበር። ስለዚህ ይኼኛውን ሆድ ሁለታችንም በፍርሃት ነበር የምናየው። እሷ ዝም ብላ ትፈራለች። እኔ እየፎከርኩ እፈራለሁ።

አሁን ስለ አልጋው። አንድ ሻምበል ሲዛወር ትቶት የሄደ የሽቦ አልጋ እጄ ገብቶ ነበር። ከበታች ሹማምንት መካከል የብረት አልጋ የነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ኩራቴ ከአልጋው ይበልጥ ይንቋቋ ነበር። መካከሉ ግን ሰርጉዷል። ሁለት ሰው ሲተኛበት ሁለቱም ወደ መሐል ይንሸራተታሉ፤ ሦስተኛ ሰው በሆድ ሲጨመር ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው።

"አልጋዎ ኤላ ነው" አለችኝ ጡሜ አንድ ቀን። ኤላ ቦረናዎች ከብት የሚያጠጡበት ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን በቅብብል ያወጡታል። "እኔን ለማውጣትስ ስንት ዘፋኝ ይጠሩልኛል?"

ከሊበን ይዛው የመጣች ወፍራም የበሬ ጀንዲ ነበራት፤ በልጅነቷ የተኛችበት ዓይነት ቆዳ። መሬት ላይ ሣር ጎዝጉዤ በእሱ ልተኛ አለች።

"የሐምሳ አለቃ ሚስት መሬት ላይ?" አልኳት። "ሰው ምን ይላል?"

"የትኛው ሰው?"

እውነቷን ነው። መኝታ ቤታችን ከእኛ በቀር የሚገባ ፍጡር ዶሮ ብቻ ነበረች። እኔ ግን ሠልጥኛለሁ፤ ጀንዲ ላይ መተኛት ኋላ ቀርነት ነው። በማግስቱ ገበያ ስትወጣ ቆዳውን ጠቅልዬ ወስጄ ግምጃ ቤት ውስጥ ከድንኳኖቹ ሥር ደበቅሁት። ስትፈልገው አብሬያት ፈለግሁ። አልጋው ሥር ሳይቀር አጎንብሼ አየሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ።

ጎረቤታችን ወይዘሮ አስካለ የመቶ አለቃ ሚስት ናቸው። ስምንት ወልደዋል፤ ስለዚህ በሠፈሩ ሕግ ሐኪም ናቸው። ጡሜ ስትገላበጥ እንደምታድር ሲሰሙ ደረታቸውን መቱ። "ነፍሰ ጡር ስትገላበጥ እትብቱ በልጁ አንገት ይጠመጠማል! በጀርባዋ ቀጥ ብላ ትተኛ፤ ንቅንቅ እንዳትል!" አሉ። ከዓመታት በኋላ፣ እርስዎ በምን ተኝተው ነበር ብዬ ስጠይቃቸው፣ "እኔማ በጎኔ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም" አሉኝ። ስምንቱንም።

ወታደር ትእዛዝ ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ ከማሰብ ያሳርፈዋልና። ጡሜን በጀርባዋ አስተኛኋት። ምልምል ሳለሁ የተማርኩት አንድ ጥበብ ነበረኝ፦ አንሶላን በሁለት ጎን ከፍራሽ ሥር አስገብቶ ሳንቲም እስኪያነጥር መወጠር። ለባዶ አልጋ የተማርኩትን ሰው ባለበት አልጋ ላይ አዋልኩት። እሷን ከደረቷ እስከ እግሯ እንደ ድንኳን ሸራ ወጠርኳት። ትእዛዙንም ወረቀት ላይ ጽፌ ራስጌዋ ሰቀልኩ፤ "መገላበጥ ክልክል ነው" የሚል። ጡሜ ማንበብ አትችልም ነበር። ምን ይላል አለችኝ፤ ነገርኳት።

ለወትሮው እንዲህ ያለውን ነገር ስቃ ትጥለው ነበር። ያን ቀን አልሳቀችም። ሆዷ ላይ እጇን አድርጋ፣ "ለልጁ ከሆነ እሺ" አለች። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ ሳስባት እፍረት ይይዘኛል። ፍርሃቷን ይዤ ነው ያሰርኳት።

ሁለት ቀን ታገሠች። ሌሊት ሌሊት እኔ ሳንቀላፋ በአንድ ጎን እየፈታች ትነሣ እንደነበር ኋላ ነው የነገረችኝ። በሦስተኛው ቀን የአባቷ እኅት አዳዳ ሎኮ ከሊበን በእግሯ መጣች፤ አዳዳ የአባት እኅት ማለት ነው። ወተት ይዛ ነበር። ከምሳ በኋላ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ እንደ ምጣድ ሲግል፣ ጡሜ ትንሽ ትረፍ ብዬ አስተኛኋት። ወጠርኳት። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ዘበኛ ነኛ።

ላብ አየሁ። ግንባሯ ላይ።

ከዚያ ከንፈሯ ነጣ።

"እየሰመጥኩ ነው" አለች።

ቃዠች አልኩ። እጇን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነው።

"ጡሜ።"

መልስ የለም።

"ጡሜ!"

ዓይኗ ወደ ላይ ዞረ። አንሶላውን ሳብኩ። አልወጣም። ጎበዝ ነበርኩ፤ በደንብ ነው የወጠርኩት። በግራ ሳብኩ፣ በቀኝ ሳብኩ። ጮህኩ። ያኛው ልጅ ትዝ አለኝ። ይኼም ሄደ አልኩ። እሷም ሄደች አልኩ።

አዳዳ ሎኮ ገባች። አየች። አልጠየቀችም። በወገቧ የያዘችውን ቢላዋ መዝዛ አንሶላውን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀችው። ዳሌዋን ይዛ ወደ ግራ ጎኗ ገለበጠቻት። እኔንም በክርኗ አንድ አቀመሰችኝ፤ ከመንገዷ ስላልወጣሁ።

ቆጠርኩ። እስከ ስንት እንደቆጠርኩ አላውቅም።

ጡሜ በረጅሙ ተነፈሰች። ከንፈሯ ቀላ። "አዳዳ" አለች።

አዳዳ ሎኮ ወደ እኔ ዞረች። ከኦሮምኛዋ ጋር የምትቀላቅለው አማርኛ ያን ቀን አንድም ቃል አልጎደለባትም። "አንተ ሶዳ!" አለችኝ፤ አማች ማለቷ ነው። "ያ ዋቃ፣ አምላክ ሆይ! ጥጃ እንኳ እንዲህ አይታሰርም! ላም ስታረግዝ በጀርባዋ ተኝታ አይተህ ታውቃለህ?"

አላየሁም። ነገሌ ስድስት ዓመት ኖሬ፣ ከብት በሞላበት አገር፣ አንዲትም ላም በጀርባዋ ተኝታ አላየሁም። አስቤውም አላውቅ።

ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ። የሕክምና ረዳቱ ድሬሰር ወልዴ ቦርሳውን አንጠልጥሎ አብሮኝ መጣ። ደም ግፊቷን ለካ። የእግሯን እብጠት በጣቱ ተጫነ። እንደ ትንሽ መለከት ያለችውን የእንጨት ማዳመጫ ሆዷ ላይ ደቅኖ ጆሮውን አስጠጋ። ጡሜ ፊቱን ትመለከታለች። እኔ ጫማውን እመለከታለሁ።

"ይመታል" አለ። "ደኅና ይመታል።"

ጡሜ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ነገር ግን አቧራ ገባብኝ ብያለሁ።

ወልዴ የተቀደደውን አንሶላ አነሣ። "ማነው የወጠራት?"

"እኔ።"

"ሥራህ ምንድነው?"

"ግምጃ ቤት።"

"አዎን" አለ። "ጆንያ መስላህ ነው።"

እትብቱ እንዳይጠመጠም ብዬ ነው አልኩት። በትዕግሥት አስረዳን፤ ለእኔ ሁለት ጊዜ። "ማኅፀኑ ሲከብድ፣ በጀርባዋ ስትተኛ ከእግር ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል። ደም ወደ ልብ ካልተመለሰ ግፊቷ ይወርዳል፣ ያልባትና ራሷን ትስታለች። ለልጁም የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። በጎን ትተኛ፤ በተለይ በግራ። ተኝታ ሳታውቀው በጀርባዋ ብትሆን አትደንግጥ፤ ስትነቃ ዘወር ማለት ነው። እትብት የሚጠመጠመው ልጁ ራሱ ሲዞር ነው እንጂ እናቱ ስለተገላበጠች አይደለም። ይህን የነገረህ ማነው?"

የወይዘሮ አስካለን ስም አልጠራሁም። የመቶ አለቃው አለቃዬ ነው።

"ደግሞ ይህ አልጋ አይሆናትም" አለ ወልዴ፣ ሽቦውን በእጁ እየተጫነ። "ጠንከር ያለ፣ የማይሰረጉድ መኝታ የላችሁም?"

ጡሜ፣ "አንድ ጀንዲ ነበረኝ፤ ጠፋብኝ" አለች።

እኔ እንደ ልማዴ አጎንብሼ አልጋው ሥር አየሁ። አዳዳ ሎኮ አወቀችብኝ። "ሂድ አምጣ" አለችኝ።

ሄድኩ። ግምጃ ቤቱን ከፍቼ፣ ድንኳኖቹን አንሥቼ፣ የበሬውን ጀንዲ ጭንቅላቴ ላይ ተሸክሜ በሠፈሩ መሐል አለፍኩ። ወታደሩ ጥላ ሥር ተቀምጧል። "ሐምሳ አለቃ፣ ምን ተሾሙ?" አለ አንዱ። "በሬውስ የት ደረሰ?" አለ ሌላው። "ከሥር ያለው ነዋ!" አለ ሦስተኛው። በሕይወቴ ስለ እኔ ሲነገር ከሰማሁት እውነት ሁሉ ይኼ ይበልጥብኛል።

ጡሜ ጀንዲውን ስታየው አልተቆጣችም። እጇን ሰድዳ ዳሰሰችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንደ ዝናብ ወራት ግጦሽ ቀስ እያሉ ለመለሙ። አዳዳ ሎኮ መሬቱ ላይ ደረቅ ሣር ወፈር አድርጋ ጎዘጎዘች፤ ጀንዲውን በላዩ ዘርግታ ጡሜን በግራ ጎኗ፣ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ አስተኛቻት፤ በሣር የተሞላ የፍየል ሌጦ በሁለቱ ጉልበቶቿ መካከል አስገባች፣ የተጣጠፈ ጋቢዬን ከጀርባዋ አስደገፈች፣ ሆዷን ደግሞ ከሥሩ በትንሽ ጨርቅ ደገፍ አደረገችላት። ለቃሩ ወልዴ እራቷን በጊዜ ጥቂት ጥቂት እንድትበላ፣ በልታም ወዲያው እንዳትተኛ፣ ስትተኛ ራስጌዋ ከፍ እንዲል አዘዘ። ፀሐይ ስትበርድ ጥቂት እንድትራመድ፣ ወደ ማታ ግድም ውሃ ቀነስ አድርጋ ቀን ግን ጠግባ እንድትጠጣ፣ ባቷን ሲጨመድዳት የእግሯን ጣቶች ወደ ጉልበቷ አቅጣጫ እንድትስብ አሳያት፤ ያን ሥራ እኔ ተረከብኩት፣ በሠራዊቱ ከያዝኩት ኃላፊነት ሁሉ የበለጠ ጠቃሚው እሱ ነበር። መስኮቱን የከለለውን ቆጥ አውልቀን አየር እንዲገባ አደረግን። በሦስተኛው ቀን፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ጡሜ በግራ ጎኗ ተጋድማ አንኮራፋች። እንደ እኔ ያለ አስቀያሚ ማንኮራፋት አልነበረም፤ ብቻ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ እስክትነቃ ሰማኋት። እኔ በሽቦው አልጋ ጉድጓድ ውስጥ ብቻዬን ማደር ጀመርኩ። ወገቤን አመመኝ። ለማንም አልነገርኩም።

እንግዲህ ምክሬ። አንቺ ነፍሰ ጡር የሆንሽ፣ ሰውነትሽ ወደ አንድ ጎን ዙሪ ሲልሽ ስሚው፤ ከወይዘሮ አስካለ ይልቅ እሱ ያውቃል። እንቅልፍ ማጣትሽን ስንፍና የሚል ሰው ቢኖር ሌላ ክፍል ይተኛ። ነገር ግን የእንቅልፍ ጉዳይ ያልሆነም አለ፦ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፣ ደም መፍሰስ፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ። ያን ጊዜ ጀንዲም ትራስም አትፈልጊ፤ ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ከሩቅም ብትሆኚ በተገኘው መኪና። አንተ ባል ደግሞ፣ የማታውቀውን በትእዛዝ አትሸፍን። ሚስትህ የጠየቀችህን መኝታ ስጣት። የደበቅኸው ነገር ካለ ዛሬውኑ አምጣ፤ ስትሸከመው ይስቁብሃል፣ ይሳቁብህ።

ድሬሰር ወልዴን አመሰግናለሁ። ጆንያ ያለኝን ጭምር። አዳዳ ሎኮን ግን አመስግኜ አልጨርስም፤ ያን ቀን ያየችውን ለጡሜ ወንድሞች አንድ ቃል ሳትተነፍስ ነው ያረፈችው። ብትናገር ኖሮ ይህን የሚጽፍ አይኖርም ነበር።

ልጃችን የተወለደችው በእኩለ ቀን፣ በወልዴ እጅ ነው። ጮኸች፤ ድምፅዋን ከእኔ ወርሳለች። አዳዳ ሎኮ የተሰነጠቀውን አንሶላ ግማሽ አጥባና አስጥታ አስቀምጣው ኖሯል። ዘረጋችውና ሕፃኗን መሐሉ ላይ አጋድማ ጠራችኝ። "ና ሶዳ፣ መጠቅለል የምታውቅ አንተ አይደለህ?"

አንዱን ጫፍ አነሣሁ፣ ሌላውን አነሣሁ። ሳላውቀው መወጠር ጀመርኩ።

"ላላ" አለችኝ ጡሜ፣ በግራ ጎኗ ከጀንዲዋ ላይ እንደተጋደመች። "ላላ ያድርጓት፣ ሐምሳ አለቃ።"

አላላሁ።