ለጭራቅ የተሰጠ ሙሾ

ለሞተች ልጅ ያወረድኩትን ሙሾ ወስደው ጌም ውስጥ ላለች ጭራቅ ሰጡት። በደሉ ይህ ነው። ሰው ሁሉ የተጨቃጨቀው በሌላ ነገር ስለሆነ ይሄኛው ሳይጻፍ እንዳይቀር ብዬ ነው የምጽፈው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ለዚህ ግን ይበቃል።

ልጅቷ የጎረቤቴ ልጅ ነበረች። ሀና ማርያም ሰፈር፣ ከእኔ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ በሚዋሰነው ቤት ነው ያደገችው። ልብስ ሰፊ ነበረች። የሰፈራችን ልጆች ዩኒፎርም ከእሷ እጅ ነበር የሚወጣው። ቁመቱ የጨመረ ልጅ በመንገድ ካየች እናቱ ሳታስበው እሷ ቀድማ ጠርታ የሱሪውን እጥፋት ትለቅለት ነበር። ብዙም ሳትታመም ሞተች። በለቅሶዋ ላይ ሙሾ ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ በእኛ ሰፈር ከእኔ ሌላ የሚያወርድ አልቀረም።

ሙሾ ዝም ብሎ ዘፈን አይደለም። ለአንዱ የተባለው ለሌላው አይባልም። አስለቃሽ ለቅሶ ቤት ስትገባ መጀመሪያ ቤቱን ታያለች፤ ሟች ምን ይሠራ እንደነበር፣ ምን ጀምሮ እንደተወ ታያለች። እኔም ስገባ የስፌት መኪናዋን አየሁ። ያላለቀ የልጅ ሸሚዝ ከመርፌው ሥር እንደተያዘ ነበር፤ ማንም ሊያነሣው አልደፈረም። እንዲህ አልኩ፦

መርፌው ላይ ክር አለ መኪናው ተከፍቶ፣
ልጄ ማን ይጨርሰው አንድ እጅጌው ቀርቶ።

እናትየዋ ደረቷን ትመታ ነበር። ይህን ስትሰማ እጇ ቆመ፤ ዞር ብላ መኪናውን አየች። ከዚያ በኋላ የወጣውን ጩኸት መጻፍ አልችልም። ያ ሙሾ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእሷ ነው፤ የእኔ አይደለም።

ከእኔ ጋር የምትኖር የልጅ ልጅ አለችኝ። ራሷን የቻለች ሴት ናት፤ ሥራዋ ድምፅ መቅዳትና ማቀናበር ነው። ፉሪ በኩል ቤት ተከራይተው የሚያስፈራ ጌም ከሚሠሩ ወጣቶች ጋር ትሠራለች። እንደገባኝ ከሆነ ተጫዋቹ አንድ አሮጌ ቪላ ውስጥ ይቆለፍበታል። ጭራቋ ክፍል ለክፍል ትፈልገዋለች፤ እሱ አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ እየተደበቀ ነፍሱን ያተርፋል። ጌሙ ገና አልወጣም ነበር። ያልወጣ ነገር እንዲህ ሲጠበቅ አይቼ አላውቅም። ከብስራተ ገብርኤል እስከ እኛ ድረስ ያሉ ጌም ቤቶች "በቅርብ ቀን" የሚል ወረቀት በራቸው ላይ ለጥፈው ነበር። ምስሉ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ያዘቀዘቀች፣ ፊት የሌላት ሴት ነው።

ጭቅጭቁም አብሮ መጣ። ሬዲዮ ላይ አንዱ ደውሎ "ይህ ርኩስ መንፈስ ነው" ይላል፤ ሌላው ደውሎ "አገራችንን የሚያስጠራ ሥራ ነው፣ ምቀኞች" ይላል። ታክሲ ውስጥም ወሬው ይኸው ነበር። እኔ ግድ አልነበረኝም።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ የሰፈር ልጆች መንገድ ላይ ይጫወታሉ። አንዷ የእናቷን ነጠላ አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ሌሎቹ ለግንባታ ከተከመረው ድንጋይ ጀርባ ተደብቀዋል። እሷ ቀስ እያለች ትራመዳለች፣ እያንጎራጎረች። "መርፌው ላይ ክር አለ…"

ዘንቢሌን መሬት አስቀመጥኩ። "ይህን ማን አስተማረሽ?"

"ጭራቋ ናት እኮ እማማ! ይህን ስትል ከሰሙ መሮጥ የለም። ትንፋሽ መያዝ ነው!"

"ማስታወቂያውን አላዩትም እንዴ?" አለ ከድንጋዩ ጀርባ አንዱ። "እማማ ፋራ ናቸው!"

ሳቁ። ቀና ስል የጎረቤቴ በር ክፍት ነው፤ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ከዚያ ቀን በፊት አንቱ ነበር የምትለኝ።

"ልጄን ሸጥሽብኝ፣ እትዬ?" አለችኝ። መልስ ሳትጠብቅ በሩን ዘጋችው።

የልጅ ልጄ ከሥራ ስትመጣ ጫማዋን እስክታወልቅ አልጠበቅኳትም።

"እምዬ፣ ስሟን እኮ ቆርጬ አውጥቼዋለሁ! ማን ያውቃታል ብዬ ነው" አለች።

"ስሟን ቆረጥሽ፤ መኪናዋን ግን ተውሽው። እጅጌውንም ተውሽው። በዚህ ሰፈር ያንን ሸሚዝ የማያውቅ ማን አለ?"

"ለቅሶው ላይ የቀዳሁት ድምፅሽን ላስቀር ብዬ ነበር። አንቺ ስትሞቺ ማን ያወርዳል?"

"እኔ ስሞት ዝም በሉ።"

"ደግሞ እኮ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስላንቺ ድምፅ ነው። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ ነው የሚሉት።"

"እኔ ያወረድኩት ሰውነታቸውን እንዲወርራቸው አይደለም። እንዲያለቅሱላት ነው።"

እሷም አለቀሰች፤ ግን ለቅሶዋ ማስታወቂያውን ከየሰዉ ስልክ አያወጣውም።

የእድራችን ስብሰባ ላይ ነገሩ ሲነሣ ደስ አለኝ። ሽማግሌው ተነሥቶ ጌሙ ሰይጣን ይጠራል አለ። አንድ ወጣት አባወራ ተነሥቶ ልጆቹ ሥራ ፈጠሩ እንጂ ምን አጠፉ አለ። ተጯጯሁ። እጄን አወጣሁ።

"የሰው ሐዘን ሳያስፈቅዱ ይወሰዳል ወይ? ይህን መልሱልኝ" አልኩ።

"እማማ፣ አጀንዳው እኮ ጌሙ ሰይጣን ይጠራል አይጠራም ነው" አለ ሰብሳቢው።

"ሰይጣኑን ተዉት፤ እሱ ተጠራ አልተጠራ መምጣቱ አይቀርም። እኔ የምጠይቀው ስለ ሰው ነው።"

ሳቁና "የእርስዎ ለሌላ ጊዜ ይያዝልን" አሉኝ። ምስሉ ከጌም ቤቶቹ በር ላይ እንዲነሣ ወሰኑና ተበተኑ። የልጅቷን ነገር አንድም ሰው አላነሣም። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ ልጁን እሷ የሰፋችውን ዩኒፎርም ያላለበሰ አልነበረም።

ስለዚህ ራሴ ፉሪ ሄድኩ፤ የልጅ ልጄ አብራኝ መጣች። አለቃቸው ትሑት ልጅ ነው፤ ከመቀመጫው ተነሥቶ ለእኔ ለቀቀልኝ።

"እማማ፣ በክብር ነው የያዝነው። ባህላችንን ለዓለም ለማሳየት ነው" አለኝ።

"እኔ ባህል አልሰጠሁህም። ለአንዲት ልጅ ሙሾ ነው ያወረድኩት።"

"መጨረሻ ላይ ስምዎን በምስጋና እናወጣለን።"

"ስሜ ምን ያደርጋል? እናትየዋ ቤት ሂድና መሬት ላይ ተቀመጥ። ልጅሽን ለጭራቅ ልንሰጣት ነው፣ ትፈቅጃለሽ ወይ በላት። እሺ ካለች እኔ ምንም የለኝም።"

"እምቢ ካሉስ?"

"ታወጣዋለህ።"

ጓደኞቹን አየና አንገቱን አቀረቀረ። "ሰው የሚጠብቀው እኮ እሱን ነው፣ እማማ።"

"ሰው የሚጠብቀውን አላውቅም። እሷ ግን በሯን ዘግታ ነው ያለችው።"

ከጠበቃችን ጋር ተነጋግረን መልስ በልጅዎ እንልካለን አለኝ። እስከ በር ድረስ ደግፎ ሸኘኝ። እናትየዋ ቤት ግን አልመጣም።

መልሱን ስጠብቅ ጎረቤቴ ሰላምታዬን አትቀበልም ነበር። ዝክር ደርሶኝ እንደ ወትሮው ድርሻዋን በሳህን ብልክላት ሳህኑ እንደተሸፈነ ተመለሰ። ልጆቹን ከደጇ ባባርራቸው ሌላ መንደር ሄደው ይጫወታሉ፤ ነፋስ ሲሆን ድምፃቸው ይሰማል። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጌሙ ሳይወጣ ያ ሙሾ ይውጣና ሄጄ በሯን ላንኳኳ።

የልጅ ልጄ መልሱን ይዛ መጣች። ገብታ አልተቀመጠችም፣ ደጃፉ ላይ ቆመች።

"እምዬ፣ ድምፅሽን ከጌሙ አውጥተውታል።"

"እግዜር ይስጣቸው። ሙሾውስ?"

የቦርሳዋን ማንገቻ ትጠመዝዝ ጀመር።

"ሌላ ሴት አምጥተው ያንኑ ግጥም አስወረዷት። ጠበቃቸው ድምፁ ያንቺ ነው ብሏል። ሙሾ ግን የሕዝብ ነው፣ ባለቤት የለውም አለ።"