ያልደረሱበት ቀብር

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት ኮት የለበሱ ሽማግሌ ነው። ምርጫው ካለፈ በኋላ ከማስተምርበት ክፍል አስወጥተው ቦንጋ ውስጥ ያሰሩኝ ዕለት ነበር። ክፍሉ የረጠበ ጆንያና የሽንት ባልዲ ይሸታል። ሌሎቹ እስረኞች ተኮራምተው ሲያዩኝ ሽማግሌው ሰሌናቸውን ሳብ አድርገው ቦታ ሰጡኝ።

«ፖለቲካ ነህ?»

«ነህ ይሉኛል።»

«እኔ ሌባ ነኝ» አሉ፣ ሳይስቁ።

ዕድሜያቸውን በድሬሰርነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ የመንደራቸው የማንኪራ ጤና ኬላ ሰው አጥቶ ሊዘጋ ሲል መልሰው ቀጠሯቸው። ያኔ ጡረታው መቆም ነበረበት፤ አልቆመም፤ እሳቸውም ዝም አሉ። ባለቤታቸው የልብ ሕመምተኛ ነበሩ፤ መድኃኒቱ የሚመጣው ከጅማ ነው። ከዚያ ግምገማ ተጠራ። ሰብሳቢው «ራሱን ያጋለጠ ይታረማል እንጂ አይቀጣም» ሲል የኔ የዋህ ንስሐ መሰላቸው። ተነስተው ጡረታም ደመወዝም እንደሚበሉ ተናገሩ። ተጨበጨበላቸው። በማግስቱ ታሰሩ።

«ሌላ ሁለቱንም የሚበላ አልነበረም?»

«ሞልቷል። አጠገቤ ተቀምጠው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።»

«ታዲያ እነሱንም አይናገሩም ነበር?»

«ለንስሐ ቀርቦ የሰው ኃጢአት ይነገራል እንዴ፣ ልጄ?»

ሳቅኩባቸው። እዚያ ክፍል ውስጥ ከልቤ የሳቅኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ስንቅ የምታመጣላቸው ጎረቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ሽማግሌው ከበሩ ላይ አዩዋትና ምግቡን ሳይቀበሉ ተመለሱ። ሰሌኑ ጫፍ ላይ ተቀምጠው በቋንቋቸው በካፊኖኖ አንድ ነገር ደጋግመው አሉ። ትርጉሙን አልጠየቅኳቸውም።

ብዙም ሳይቆይ መርማሪው አስጠራቸው። ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«የባለቤቴ ቀብር ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቀብሬ ልመለስ ብዬ ለመንኩት።»

«እሺ አለ?»

«‹መምህሩ እዚህ ሰው ሲያሳምጽ ሰምቻለሁ ብለህ መስክር፤ ሄደህ ቅበር፣ ክስህም ይቀራል› አለኝ።»

ሂዱ ልላቸው ፈለግኩ፤ ቃሉ አልወጣልኝም።

«እኔ የሠራሁትን ተናግሬአለሁ፤ ያልሰማሁትን ግን አልናገርም አልኩት» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ጠባቂውን ሰዓት ጠየቁት። ዘጠኝ ሊሆን ነው ሲላቸው ፊታቸውን ታጠቡ። ኮታቸውን አራግፈው ለበሱና ከላይ እስከ ታች ቆለፉት። አንዱ ቁልፍ የለም፤ የእሱን ቦታ በእጃቸው ገጥመው ያዙት። ወደ ማንኪራ በኩል ባለው ግድግዳ ዞረው ቆሙ። እኛም አንድ በአንድ እየተነሳን ከኋላቸው ቆምን። እሳቸው ስላላለቀሱ ማናችንም አላለቀስንም።

እኔ ተፈታሁ። እሳቸው ተፈረደባቸው። ጣሪያ ሲያዩ የነበሩት ግን ማንም ሳይነካቸው ሁለቱንም እየበሉ ኖሩ።

አሁን እኔም ጡረተኛ ነኝ። ትምህርት ቤቱ መምህር አጥቶ ሲጠራኝ ጡረታዬን አስቁሜ ገባሁ፤ ጓደኞቼ «በእጁ የገባውን የሚመልስ ሞኝ» እያሉ ይሳለቁብኛል። ቀብር ስለማያመልጠኝም ይሳለቁብኛል። የማላውቀው ሰው ቢሞት እንኳ እሄዳለሁ፤ ከሰው ኋላ እቆማለሁ። በእኔ የተነሳ አንዲት ሴት ባሏ ሳይቆምላት ተቀብራለች። አፈሩ መመለስ ሲጀምር ኮቴን ከላይ እስከ ታች እቆልፋለሁ።